«በነፍሱ ደረስክበት?»

እናቴ ታማ እህል አልወርድላት ሲል «የድኩላ ሥጋ አማረኝ» አለችኝ። እምቢ እንዴት ይባላል? ክላሼን አንግቼ ከአንበሳሜ በታች ወዳለው ወንዝ ወረድኩና መሻገሪያው ላይ አደፈጥኩ። ሐምሌ ነው፤ ውኃው ሞልቷል። ረፋዱ ላይ ከማዶ ድኩላ ብቅ ሲል ተኮስኩ፤ ወደቀ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው ካላረዱት በክት ነው፤ አይበላም። ቢላዬን ጨብጬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ጎርፉ ሲያንገላታኝ ቆይቼ ብደርስ ዓይኑ ፈጦ ቀርቷል። ምን ላድርግ? በስመ አብ ብዬ የሞተውን አረድኩት።

እናቴ ሥጋውን ከመቅመሷ በፊት «በነፍሱ ደረስክበት?» አለችኝ። «አዎ፣ እምዬ» አልኳት። በላች። ከተኛች ወዲህ እንደዚያ በልታ አታውቅም። ከዚያ እጇን ዘርግታ «ለእኔም በነፍሴ ያድርስህ፣ ልጄ» ብላ መረቀችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጣር ያዛት። የነፍስ አባቷን ላመጣ ያንኑ ወንዝ ተሻገርኩ። ይዣቸው ስመለስ ዝናቡ ከላይ ጥሎ ኖሮ ውኃው አላሳልፍ አለን። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው፣ እኔ ራሴን ይዤ፣ ከማዶ ቆመን ዋልን። ጎድሎልን ስንሻገር የለቅሶው ድምፅ ተቀበለን።

ታላቅ እህቷ ከሐሙሲት የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። አንገቴን አቅፈው «አንተስ በነፍሷ ደረስክባት?» አሉኝ።

«አልደረስኩም» አልኳቸው። ስለ እናቴ ብቻ የነገርኳቸው መሰላቸው።