የማዳም ባልጩት

እኔ የምሠራላት ማዳም ሥራዋ ይገርመኛል። ማዕድን ሊወጣበት የታሰበ መሬት ላይ ማሽን ከመግባቱ በፊት እየዞረች የጥንት ሰው ዕቃ ትፈልጋለች። ባለፈው የማዕድን ኩባንያው መሐንዲስ እዚህ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ያለው ቤታችን መጥቶ፣ ከዚያ መሬት የለቀመቻቸውን ድንጋዮች ጠረጴዛ ላይ አየና «ይሄ እኮ በራሱ የተሰባበረ ድንጋይ ነው፤ ምንም የለም ብለሽ ጻፊልንና ሥራ እንጀምር» አላት። እሷም እርግጠኛ አልነበረችም መሰለኝ፣ ድንጋዮቹን ታገላብጥ ጀመር። ሻይ ሳቀርብ ዓይኔ አንዱ ጥቁር ባልጩት ላይ ቀረ። ኮንሶ እናቴ ቤት ደጅ የማውቀው ነገር ጅቡቲ ምን ያደርጋል?

«ማዳም፣ በዚህ ቆዳ ተፍቆበታል» አልኳት። ሰውየው ሳቀ። ባልጩቱን ላነሳ ስል ማዳም እጄን ያዘችኝ፤ የጥንት ዕቃ ስለሆነ በእሱ አይሞከርም። የጠርሙስ ስባሪ ፈልጌ፣ ጓሮ የተሰጣውን የፍየል ቆዳ እናቴ እንደምታደርገው አድርጌ ፋቅኩት። ማዳም ጠርሙሱንና ባልጩቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ በማጉያ መነጽር አየቻቸው። የሁለቱም ስለት የተበላው በአንድ ወገን፣ በአንድ ዓይነት ነው። መሐንዲሱም መነጽሩን ተቀብሏት አየና መሳቁን ተወ። «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ ማዳም ደብተሯን ገልጣ። የእናቴን ስም ፊደል በፊደል አስጻፍኳት።

ለእናንተ ለአገሬ ልጆች ግን እስከ ዛሬ እናቴ ነጋዴ ናት ስላችሁ ነው የኖርኩት፤ «ፋቂ» ብላችሁ እንዳትንቁኝ ፈርቼ። እናቴ ቆዳ ፋቂ ናት። ማሽኑም እስካሁን ያን መሬት አልነካውም።