ብር ያናገረው ዶቶሬ

በእኛ ጊዜ እንግዲህ ልጆቼ፣ ያኔ በጣሊያን ዘመን፣ እኔ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ጧፍ እየሠራሁ ነበር የምኖረው፤ ታዲያ ዋናውን ቤቴን ወስደው ለአንድ ጣሊያን ሰጡትና እኔን ጓሮ፣ ሰም ቤቱ አጠገብ አስቀሩኝ። ጣሊያኑን ዶቶሬ እንለው ነበር፣ በቋንቋቸው ዶክተር ማለት ነው። ሮማ ላይ አቶም የሚባለውን የሚመረምር ሊቅ ነበር፣ ለገዢው ፓርቲ አልምልም ቢል ራዲዮ ጠጋኝ አድርገው ሰደዱት። እኔም የምደብቀው ነበረኝ፤ አርበኛው ወንድሜ እግሩን ቆስሎ ሰም ቤት ውስጥ ተኝቷል፣ ምሳውን በየቀኑ በነጠላዬ ሸፍኜ አስገባለታለሁ።

እና አንድ ቀን ዶቶሬ መጥቶ በተሰባበረ አማርኛው፣ "ወይዘሮ፣ ሰም ስጪኝ፣ ብዙ ሰም" አለኝ።

"ለስለት ነው?"

"ብር ላናግር ነው።"

አበደ አልኩ። ታዲያ ሄጄ ባይ፣ ከእርሳስ ብረት ከተሠራ ሣጥን ትንሽ ብልቃጥ አወጣ፣ በሰሜ ከበበው፣ ጠገራ ብር አብሮ አስገባ። ቆየና ብሩን ራሱ ወደ ሠራት መሣሪያ ቢያስጠጋው፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ልክ እንደ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም።

"ከብልቃጡ የሚወጣው ደቂቅ ነገር ይሮጣል፤ ሰሙ ሩጫውን ያበርደዋል፤ ሲበርድ ብሩ ውስጥ ይገባና ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ብር ጨረር ይረጫል፣ መሣሪያዋ ያንን ትሰማለች" አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ጠቅታው በራሱ ሳስቶ ጠፋ። እኔ ሳቅ፣ እሱ ሳቅ፣ ድገመው ድገመው ስል ዋልኩ፣ ጧፉንም ረሳሁት።

ታዲያ በሳምንቱ አንድ መቶ አለቃ ሁለት ወታደር አስከትሎ ከተፍ አለ። በቋንቋቸው ነው፣ እኔም ለቃቅሜ እሰማለሁ፤ "ለሽፍቶች ወሬ የሚልክ ራዲዮ አለ አሉ፣ ጓሮውም ይፈተሽ" አለ። ወታደሮቹ ወደ ሰም ቤቱ ሲያመሩ ዶቶሬ ረጋ ብሎ፣ "ራዲዮ አይደለም፤ የብር ሜዳሊያዎን ያውሱኝና ላሳይዎ" አለው። ከብልቃጡ ጋር ሰም ውስጥ አቆየውና ወደ መሣሪያዋ አስጠጋው፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

መቶ አለቃውን ላብ አጠመቀው። "ሜዳሊያዬ ምን ሆነ?"

"ታመመ። የጓሮው ሰም ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ይግቡ ከፈለጉ፣ እኔ ግን አልገባም።"

ወታደሮቹ ከደጃፉ ተመለሱ፤ አለቃቸውም ሜዳሊያውን በመሀረብ አንጠልጥሎ፣ ክንዱን እንደዘረጋ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሽቅብ።

"ዶቶሬ፣ ወንድሜን ታውቅ ነበር?" አልኩት ሲሄዱ።

"ወይዘሮ፣ ሰም ምሳ አይበላም" አለኝ።

ወንድሜ ድኖ ጫካ ተመለሰ፣ ከድሉ በኋላ ሰባት ወለደ። ዶቶሬም በእንግሊዝ ተማርኮ ከርሞ አገሩ ገባ፤ ለቦምብ ሥራ ቢጠሩት እምቢ ብሎ፣ ዕውቀቱን ለሕሙማን መታከሚያ አዋለው፣ ተማሪም አፈራ አሉ።

"እማማ፣ ሊቅ ሆኖ መዋሸቱ ነውር አይደለም?" አትለኝም ይቺ?

የኔ ልጅ፣ አንድ ቀን ቢዋሽ ሰባት ሰው ተወለደ፤ ከዚህ የበለጠ ምርምር ካለሽ አምጪልኝ። ሂ ሂ ሂ።