ታች የሌለው ቅርጫት

በእኛ ጊዜ ኳስ ተጫዋች ማለት ቁምጣ የለበሰ ሥራ ፈት ማለት ነበር። አሁንማ እናንተ በስልካችሁ የአሜሪካኖቹን ታያላችሁ፣ ሰውየው አንድ ኳስ አስገብቶ ቤት ይገዛል፣ እና ትቀኑበታላችሁ። እኔ ስጫወት ግን... ቆይ ቆይ፣ እቀይረዋለሁ አልኩሽ እኮ አሰለፍ፣ አምፖሉ የትም አይሄድም፣ ጨዋታ ላይ ነኝ። የት ደረስኩ? አዎ፣ ቁምጣው ላይ።

ታዲያ ዘመኑ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ የለም፣ ላፍቶ ገብስ ነበር፣ ገብስ ስላችሁ እውነተኛ ገብስ፣ እና እኔ ንፋስ ስልክ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ነው የምጫወተው። ያኔ ክለብ ማለት ፋብሪካ ነው። ቁመትህን ያዩና ይቀጥሩሃል፣ በወረቀት የመጋዘን ሠራተኛ ነህ፣ ሥራህ ግን ቅርጫት ኳስ ነው። እኔን የቀጠረኝ አሰልጣኛችን ኮች ግርማ ነው፣ ቁመቱ ይኸው እዚህ ጋ፣ ክርኔ ጋ፣ ድምፁ ግን መካኒሳ ሲጮህ ጎፋ ይሰማል። የቅጥር ፈተናዬን ልንገራችሁ? «እጅህን ወደ ላይ አንሳ» አለኝ። አነሳሁ። «ተቀጥረሃል» አለኝ። አለቀ! ኳስ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እስከዛሬም የጠየቀኝ የለም።

ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፣ በሳሙናው መጋዘንና በግንቡ አጥር መሀል። ዝናብ ጠብ ካለ አረፋ ይደፍቃል። እንግዳ ቡድን ይመጣና እየተንሸራተተ ይወድቃል፣ እኛ ለምደነዋል፣ እንደ ዳክዬ ነው የምንራመደው። «ሜዳችሁ ያዳልጣል» ሲሉን ኮች ግርማ ምን ይላል? «ንጹሕ ስለሆነ ነው!»

እና አሰለፈችን፣ ይህቺኑ ባለቤቴን፣ ያገኘኋት መካኒሳ አቦ ነው፣ በወሩ በአምስት፣ ከቅዳሴ ስንወጣ። ነፋስ ጃንጥላዋን ነጥቆ ዛፍ ላይ ሰቀለባት። አንዱ ይዘላል፣ አንዱ በዱላ ይሞክራል፣ አንዱ ቅርንጫፉን ያወዛውዛል፣ እሷ ዞር አለችና አየችኝ፣ «አንተ ረጅሙ!» አለችኝ። ጤና ይስጥልኝ የለ፣ ስምህ ማነው የለ። እጄን ዘርጋ አድርጌ አወረድኩላት፣ አልዘለልኩም እንኳ። ታዲያ ሰው በጃንጥላ ይያዛል? እኔ ተያዝኩ። ወደድኳት፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ በጣም ወደድኳት፣ ምግብ አልበላ አለኝ፣ ጨዋታ ላይ ኳሷን ለተቃራኒ ቡድን ማቀበል ጀመርኩ። ኮች ግርማ ይጮሃል፦ «ታደሰ! እነሱ ቢጫ ናቸው! አንተ ሰማያዊ ነህ! ልብስህን እይ!»

አባቷ አቶ ወንድይፍራው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጎፋ የታወቁ የዕድር ዳኛ ናቸው። ባልና ሚስት ቢጣላ እሳቸው ጋ ነው፣ የሰው በግ የሰው ጎመን ቢበላ እሳቸው ጋ ነው። የተጣላ ሲጠፋ ያልተጣሉትንም ያስታርቃሉ ይባል ነበር። እና ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ አንድ፣ የፋብሪካው ዘበኛ አቶ ብሩ ሁለት፣ ሦስተኛ ሰው ጠፋ፣ ታዲያ ኮች ግርማ «እኔ እሄድልሃለሁ» አለ። ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ነጠላ ደረበበትና ሄደ።

እኔ ከውጭ አጥሩ ሥር ተደብቄ አዳምጣለሁ። ተደብቄ ስላችሁ፣ አጥሩ ደረቴ ጋ ነው። ከደረት በላይ እየታየሁ ነው የተደበቅሁት። እና አቶ ወንድይፍራው ያን ቀስ ያለ ድምፃቸውን ይዘው ጠየቁ፦

— «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

— «ቅርጫት ኳስ ይጫወታል» አለ አጎቴ።

— «ይጫወት፣ ልጅ መጫወቱ አይከፋም። ሥራውን ነው የጠየቅኋችሁ።»

— «ሥራው እሱ ነው አባቴ።»

— «እና ሲጫወት ውሎ ምን ያመጣል?»

— «ነጥብ።»

ያኔ ኮች ግርማ ላስረዳ ብሎ ተነሳ፣ ምነው ባልተነሳ! «አባቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፣ እላይ ቅርጫት ተሰቅሏል፣ ታደሰ ኳሱን እየዘለለ ይከትበታል» አላቸው።

— «ከዚያስ?»

— «ከዚያ ይወድቃል።»

— «ለምን ይወድቃል?»

— «ቅርጫቱ ታች የለውማ።»

— «ታች እንደሌለው ልጁ ያውቃል?»

— «ያውቃል አባቴ።»

— «እያወቀ ይከታል?»

— «ይከታል።»

— «ሲወድቅበትስ?»

— «አንስቶ እንደገና ይከታል! ቀኑን ሙሉ! ከእሱ የተሻለ የለንም!»

— «ስለዚህ» አሉ አቶ ወንድይፍራው፣ «ፋብሪካው ውስጥ ከእሱ የባሱም አሉ።»

አጎቴ መሬት መሬት አየ። ኮች ግርማ ፊሽካውን ያዘ፣ ሊነፋው ነው ብዬ ፈራሁ። ደግነቱ ሰውየው ሰው ሳያዩ የማይፈርዱ ናቸውና፣ «እሑድ መጥቼ አየዋለሁ፣ የሰው ጠባይ ሥራው ላይ ነው የሚታወቀው፣ ጠባዩ ካማረኝ እሰጣለሁ፣ ካላማረኝ ወሬው አይደገም» አሉ። ቀጥለው ወደ አጥሩ ዞሩና፣ «አንተም ግባና ውሃ ጠጣ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» አሉኝ።

ታዲያ ያቺ እሑድ የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታችን ናት። ከተሸነፍን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንወርዳለን፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ከወረዳችሁ ሜዳውን ሳሙና ማድረቂያ ነው የማደርገው» ብሎ ምሏል። ኮች ግርማ እንቅልፍ አልተኛም። እኔም አልተኛሁም፣ እኔ ግን ለሌላ ነገር ነው፣ ዲቪዚዮኑ ገደል ይግባ፣ እኔ የማስበው አቶ ወንድይፍራውን ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። የሉም። ግማሽ ደረስን። የሉም። ቀሩ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እና ኳስ ነጠቅሁ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ከፊቴ ማንም የለም፣ እየነዳሁ እሮጣለሁ፣ ሕዝቡ ይጮሃል፣ ቀና ስል ምን ላይ? አቶ ወንድይፍራው፣ ከኋላቸው የዕድሩ ሽማግሌዎች በሙሉ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሜዳውን መሀል ለመሀል እያቋረጡ ናቸው! በር በዚያ ነው፣ ወንበር በዚህ ነው፣ ታዲያ በየት ይዙሩ?

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ንገሩኝ እስቲ። አማትህ የሚሆኑ ሰው እየመጡ በአጠገባቸው ሽው ብለህ ታልፋለህ? ቆምኩ። ኳሷን ብብቴ ውስጥ ከተትኩና፣ እጅ ነሳሁ።

— «እንደምን ዋልክ ልጄ?»

— «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ አባቴ?»

— «ይመስገን። ቤተሰብ ደህና?»

— «ደህና ናቸው፣ ይመስገን።»

— «አጎትህ ወገቡን ተሻለው?»

— «ተሽሎታል አባቴ።»

ኮች ግርማ ከዳር ሆኖ ነጠላውን ይነክሳል፣ «ታደሰ! አስገባ! አጎትህን ተወው! አስገባ!» ሊነጥቀኝ የሚያባርረኝ የነሱ ተጫዋች፣ ደረጀ የሚባል እንደ በር የሰፋ ሰው፣ እሱም ደርሶ ቆመ፣ እሱም እጅ ነሳ። የጨዋ ልጅ ነዋ! የሜዳው ዳኛ ፊሽካውን ነፋ፣ «ኳስ ይዘህ ቆመሃል» ብሎ ለነሱ ሰጠብኝ። አቶ ወንድይፍራው ግን ሲቀመጡ አየኋቸው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ በደግ ነው።

እና ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር፣ ልዘል ስል ደረጀ በክርኑ አፍንጫዬን አለኝ። ወደቅሁ፣ ደም በደም ሆንኩ። ዳኛው ፋውል ብሎ ነፋ፣ ሁለት ምት ለኛ። አንዷ ከገባች በቃ፣ ዳንን! ኮች ግርማ አፍንጫዬን እንኳ ሳያይ ይጨፍራል። ነገር ግን የዕድሩ ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። ደም ፈሷላ! ደም ፈሶ ዝም ይባላል? ገቡ። የተቀያሪዎቹን አግዳሚ ወንበር አስመጡ፣ መሀል ሜዳ ተቀመጡበት።

— «አባቶቼ፣ ጨዋታው አላለቀም» አለ የሜዳው ዳኛ።

— «አንተም ዳኛ እኔም ዳኛ» አሉት አቶ ወንድይፍራው፣ «የአንተ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሰው ይታረቅ። ና አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ደረጀ ቀረበ፣ ያ ሁሉ ሰውነት አንገቱን ደፍቶ! «ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ታዲያ ጥፋተኛ ድንጋይ መሸከም አለበት፣ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ቢፈለግ ጠፋ። አንዱ ሽማግሌ «ኳሱን ይሸከም» አሉ። ኳሱን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ይንከባለልና ይወድቃል፣ ሮጦ ያመጣል፣ እንደገና ይሸከማል፣ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ የሜዳው ዳኛ ራሱ መጥቶ ያዘለት።

አቶ ወንድይፍራው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ካሳ ትላለህ ወይስ ለእግዜር ትላለህ?» አሉኝ።

እኔ ታዲያ ለማማር! ለማማር እኮ ነው! ደረቴን ነፋሁና «ለእግዜር! ካሳ የሚባል ምንም አልፈልግም!» አልኩ። እልል ተባለ። ተሳሳምን፣ ደሜ ደረጀን ነካው። መረቁን፣ ሁለቱም ቡድን «አሜን» አለ፣ የሜዳው ዳኛም «አሜን» አለ። ከዚያ ኳሷን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «በል፣ ሁለት ምት» አለኝ።

— «የምን ሁለት ምት ነው?» አሉ አቶ ወንድይፍራው፣ ገና ወንበራቸው ጋ ሳይደርሱ።

— «ስለተመታ ነው አባቴ፣ ሁለት ጊዜ ያለከልካይ እንዲወረውር ይሰጠዋል።»

— «ስለተመታ የሚሰጠው?»

— «አዎ አባቴ።»

— «ካሳ ነዋ!»

እዩኝ እስቲ፣ እዩኝ፣ በዚህ በኩል ኮች ግርማ፣ «ብትስት በገዛ እጄ ሳሙና አደርግሃለሁ» ይለኛል፣ በዚህ በኩል አቶ ወንድይፍራው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሽማግሌ ፊት ለእግዜር ያለ ሰው ካሳ ሲበላ ሊያዩ ቆመዋል። በሩ ጋ አሰለፈች። ጃንጥላዋን ይዛለች፣ ያችኑ ጃንጥላ። አየኋት። በቃ፣ ዲቪዚዮንም ፋብሪካም ጠፋብኝ።

የመጀመሪያዋን አንስቼ የመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ወረወርኳት። ሆን ብዬ! ቆርቆሮው ላይ ጓ! አለች። ኮች ግርማ መሬት ተቀመጠ። አውርደው ሰጡኝ። ሁለተኛዋን ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ፣ ቅርጫቱን ሳላይ፣ እንደ ቆሻሻ ውሃ ደፋኋት። እና የሰሌዳውን ጥግ መታች፣ ነጠረች፣ ብረቱ ላይ ወጣች፣ ዞረች፣ ዞረች፣ እኔ «ውረጂ! ወደ ውጭ ውረጂ!» እላለሁ፣ ዞረች፣ ጥልቅ!

ዳኛው ማብቂያውን ነፋ፣ ሕዝቡ አበደ። አሸነፍን! ኮች ግርማ ወገቤ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። እኔም አለቅሳለሁ፣ አንድ ላይ ነው ያለቀስነው፣ በየፊናችን። ሮጬ አቶ ወንድይፍራው እግር ላይ ወደቅሁ፣ «አባቴ፣ በአቦ ይዤዎታለሁ፣ ሳላስበው ነው የገባው! ይማሩኝ! ሁለተኛ አይለምደኝም!» አልኩ። ኳስ አስገብቶ ይቅርታ የጠየቀ ተጫዋች በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «አይቼሃለሁ ልጄ» አሉ፣ «አንተስ ጥለሃታል። ያስገባት እሱ ነው። እሱ ሲሰጥ ደግሞ እንቢ አይባልም።» እና በማግስቱ ሽማግሌዎቼን አስጠሩና ልጃቸውን ሰጡኝ። ደረጀ ሚዜዬ ሆነ፣ ኳሷም ሠርጉ ላይ ነበረች። እኔም ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ብዙ ዓመት ተጫወትኩ፣ እና ልጆች፣ ለራሴ ማለት ነውር ካልሆነ፣ ከእኔ የተሻለ ተጫዋች ንፋስ ስልክ አልበቀለም። ለዚህ ነው አማቴ ልጃቸውን የሰጡኝ፣ ሥራዬን አይተው ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች፦ «ጨረስክ? እንግዲያው የቀረውን እኔ ልንገራቸው። ያን ቀን አባቴ ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ልጄ፣ ሰውየው ኳሱን እንኳ አይችልበትም። ጨዋ ግን ነው፣ አግቢው› አለኝ።»

— «እንዴ! አሰለፍ! ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

— «ትተወዋለህ ብዬ ፈርቼ ነዋ። ቁምጣህን ለብሰህ ስትወጣ ደስ ይልህ ነበር። በል ተነስ አሁን፣ አምፖሉን ቀይርልን።»