የተረሳው ሰዓት

የቼዝ ውድድር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የልጄ ልጅ ሄለን ፒያሳ ይዛኝ ሄዳ አየሁ። በአንድ ቀን ተጀምሮ የሚያልቅ ፈጣን ውድድር ነው። በየጠረጴዛው ሰዓት አለ። ሰው ጠጠሩን አንቀሳቅሶ የሰዓቱን ቁልፍ ካልተጫነ የሚሄደው የራሱ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ካለቀበት ደግሞ ይሸነፋል። ይህን ያስረዳችኝ ራሷ ሄለን ናት።

በመጨረሻው ዙር አንድ ሽበታም ሰውዬ ደረሷት። ካሸነፈቻቸው ዋንጫው የእሷ ነው። ታዲያ ሰውየው ተጫወቱና ቁልፉን ሳይጫኑ አገጫቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ሄለን አንገቷን ደፍታለች። የከበበውም ሰው እያየ ትንፍሽ አይልም። እኔ አላስቻለኝምና፣ "ጋሼ፣ ሰዓትዎ እየሄደብዎ ነው" አልኳቸው።

ዳኛው ወዲያው መጣ። "እማማ፣ ተመልካች አይናገርም። እባክዎ ይውጡልኝ።"

"ሰው ሲጎዳ እያየሁ?"

"አዎ፣ እያዩ።"

በረንዳው ላይ ቆሜ ስጠብቃት ተሸንፋ ወጣች። "ባትናገሪ ኖሮ አሸንፍ ነበር፣ እማዬ" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አንቺስ እያየሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?"

"ሕጉ ይፈቅድልኛላ። ለመሆኑ የረሳሁት እኔ ብሆን፣ እሳቸው ይነግሩኝ ነበር?"

ሰውየው ለካ ዋንጫቸውን ታቅፈው ከኋላችን ቆመዋል። "አልነግርሽም ነበር፣ ልጄ" አሏት። "ጨዋታ ነዋ።"

ሄለን ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ማየት ጀመርኩ።