የወለላ ዋልያ

ክቡራትና ክቡራን፣ የላቦራቶሪና የሆስፒታል ባልደረቦቼ፣

ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። በተለይ እጅጋየሁ ሳምንቱን ሙሉ «ምንም አይደለም፤ ስብሰባ ነው» እያለች ነገሩን ስትሸሽገኝ ከርማለች። ስብሰባ በበዛበት ዘመን ማን ይጠረጥራል?

ዶክተር አንዳርጋቸው ደግሞ «አጭር አድርጊው» ብለውኛል። እሳቸው አጭር ንግግር ሲያደርጉ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ዛሬን ብቻ ታገሱኝ።

ዕድሜዬን የገፋሁት በሰው ደም ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። ወባ፣ ታይፎይድ፣ የደም ማነስ። ወጣቶቹ ግን «እትዬ ሐዲጃ፣ የዋልያ ደም መርምረዋል የሚባለው እውነት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም «ሌላ ቀን» እያልሁ አልፌያለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ቀን የለኝምና ልንገራችሁ።

ጊዜው የደባርቅ መንገድ ገና እንደ ልብ የሚኬድበት ነበር። ታከለ የሚባል የዱር እንስሳት ባለሙያ አንድ ጠዋት ቴርሞስ ይዞ ላቦራቶሪያችን ገባ። ሻይ መስሎኝ ብርጭቆ ላመጣ ተነሣሁ። ሲከፍተው በረዶ ነው፤ በበረዶው መካከል በጥጥ የተጠቀለሉ የደም ብልቃጦች።

«የማን ደም ነው?» አልሁት።

«እሱን እንድትነግሪኝ ነው የመጣሁ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከደባርቅ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ አያ የሻውና ሚስታቸው ወለላ ይኖሩ ነበር። ወለላ እናቷን አዳኝ የገደለባትን አንዲት የዋልያ ግልገል አግኝታ በፍየል ወተት አሳደገቻት። ስሟንም ሸጋ አለቻት። ሸጋ ከፍየሎቹ ጋር አደገች፤ ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ። አንዳንዱ ግልገል ከገደሉ እየወጣ ከሚመጣ የዱር አውራ ዋልያ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከአያ የሻው ወጠጤ። የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ ታከለን ለምን አስጨነቀው? እነዚህ እንስሳት ተሰብስበው፣ ዋልያ በአደን ወዳለቀበት አንድ ገደል ሊለቀቁ ታስቦ ነበር። ዋልያ ደግሞ ከእኛው ስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እዚያም የቀረው ጥቂት ነው። በዚያ ጥቂት ውስጥ የፍየል ደም ከገባ በልጅ በልጅ ልጅ ይዛመታል። መልኩ ዋልያ ይሆንና፣ እንደ ፍየል ወቅት ሳይመርጥ ብርድ በበረታበት ወር እየወለደ ግልገሉን ገደል ላይ የሚፈጅ ዘር ሊተርፍ ይችላል።

«ጥይትን መከልከል ይቻላል» አለኝ ታከለ። «የተቀላቀለ ደምን ግን ማን ለቅሞ ያወጣዋል?»

የሰውን ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ የምትለየውን አሮጌ መሣሪያችንን ታውቋታላችሁ። ልጅ ከአባቱ እኩሌታ፣ ከእናቱ እኩሌታ ይወርሳል፤ በደሙ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችም ውርሱን ይመሰክራሉ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው ወረቀቱ ላይ ይጓዛሉ። የፍየሉ ቀድሞ ሲሄድ የዋልያው ኋላ ቀረ። ከሁለቱ የተወለደ ሁለቱንም መስመር ያሳያል። በልጅ ልጅ ግን አንዱ መስመር ሊጠፋ ስለሚችል በአንድ ፕሮቲን ብቻ አላመንሁም፤ ሌሎችንም ጨመርሁ። ማወዳደሪያ የሚሆነንን የዋልያ ደም ታከለ ከዱሩ አመጣ፤ የፍየሉን ከስሜን ርቆ ካለው ከአይከል አስመጣን፤ የአይከል ፍየል ከዋልያ ጋር የሚተዋወቅበት ነገር የለማ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የአራዳ ጨርቅ ነጋዴ ሚስት ነበረች። ወሬውን የሰማች ዕለት «ልጄ፣ ሰው አለቀና ነው ፍየል የምትመረምሪ?» አለችኝ።

ውጤቱ ወጣ። ሸጋ ንጹሕ ዋልያ ነበረች። ሁለት ሴቶች ልጆቿና አንድ ወጣት ወንድ ልጇም እንደዚሁ። የቀሩት ክልስ ነበሩ። ከክልሶቹ አንዱ ደግሞ ከሁሉ ትልቁ፣ ቀንደ መልካሙ አውራ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሹም በአብዮት በዓል በሕዝብ ፊት ሊለቀው፣ ፎቶግራፍም ሊያስነሣው አስቦ ነበር። ላቦራቶሪያችን ድረስ መጣ።

«ጓድ ሐዲጃ፣ ይህን እንስሳ አይተሽዋል?»

«ደሙን አይቻለሁ።»

«ቀንዱን ብታዪው እንዲህ አትዪም ነበር። ዋልያ ነው ብለን ለበላይ አስታውቀናል።»

«ግማሹ ዋልያ ነው ጓድ። ግማሹ የአያ የሻው ወጠጤ ነው።»

«ሥራ እያደናቀፍሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

በዚያ ሰሞን «ማደናቀፍ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልነግራችሁም። ወንበሩን ደገፍ ብዬ ቆምሁ። ደግ ነው፣ ዋልያ ይሁን ብል ማን ያውቅብኛል? ማንም። ታከለ ግን አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ቃሌን አልቀየርሁም።

ዶክተር አንዳርጋቸው ከጎን ክፍል ነጭ ጋውናቸውን እየቆለፉ ወጡ። «ጓድ፣ ምርመራው ይደገም» አሉ። «ብልቃጦቹን እኔ በፊደል እሰይማለሁ። የትኛው የማን እንደሆነ ሐዲጃ አታውቅም። እርስዎም ቁጭ ብለው ይዩ።»

ሰውየው ተቀመጠ። ወረቀቱ እስኪደርቅ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣም። ውጤቱ እንደ መጀመሪያው ሆነ። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አዞረና ብዙ አየው።

«እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ኮርማ የሚመርጠው እናቱን አይቶ ነበር። በዓሉ ያለ አውራው ይለፍ።»

ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ማንም አልመጣም። ክፉ ሲጠብቁ ደግ ማግኘትም አለ፤ ይህንንም መናገር ይገባል።

ክልሶቹ አያ የሻው ዘንድ ቀሩ፤ ወንዶቹ ተኮላሹ። ሸጋና ንጹሐኑ ልጆቿ የሚለቀቁ ዕለት ታከለ በመኪና ይዞኝ ወጣ። ልጆቹ ከአፋፉ እንደ ደረሱ ቁልቁል ዘለቁ፤ ገደሉን የሚያውቁት ይመስል ነበር። ሸጋ ጥቂት ወረደችና ቆመች። ዞራ ከእኛ ጋር አፋፉ ላይ የቆመችውን ወለላን አየቻት። ተመልሳ መጥታ አፍንጫዋን ከወለላ ነጠላ ሥር ወተፈች።

ወለላ ገፋቻት። ሸጋ ተመለሰች። አሁንም ገፋቻት፤ አሁንም ተመለሰች። ያን ጊዜ ወለላ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች።

«ሂጂ» አለቻት። «ምነው አትሄጂም?»

ወረወረች። ድንጋዩ ጎኗን ሲያገኛት ሸጋ በርግጋ ዘለለች፤ ከዓይናችንም ተሰወረች። ወለላ እዚያው ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ደሟን አየሁ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ደሙ የማን ነው አለ?»

«የገደሉ ነው» አልኋት።

«እንግዲያ ልክ ነው» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣች።

ኋላ ላይ ታከለ ከሩቅ በመነጽር አያት። ሳትለቀቅ በፊት በጆሮዋ ባደረገባት ምልክት ነው የለያት። ሁለት ግልገሎች ይከተሏት ነበር፤ አንዷ የእሷ፣ አንዱ የልጇ። ሄዶ ለወለላ ሲነግራት «ወተቱ በቅቷቸዋል?» አለችው።

ዛሬ ታከለ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል። መንገዱም እንደምታውቁት በጦርነቱ ተዘግቷል። ያ ገደል ላይ ዛሬ ስንት ዋልያ እንዳለ አላውቅም። አሉ ብዬ ልዋሻችሁ አልሻም፤ የሉም ብሎ የነገረኝም የለም።

ዶክተር እንደሚሉት ከአንዲት ጠጉር ላይ የዘርን ውርስ የሚያነብ ጥበብ በውጭ አገር እየመጣ ነው። ለእኔ አልደረሰልኝም፤ ለእናንተ ይደርሳል። እኔ ቁስቋም ቤቴ ሆኜ ወሬውን እጠብቃለሁ።

ፈጣሪ ጤናውን ይስጣችሁ። እጃችሁ የነካው በሽተኛ ይዳን። እውነቱን ስትናገሩ አጠገባችሁ የሚቆም ሰው አይጥፋባችሁ። የስሜን መንገድ ይከፈትና በሰላም ውጡበት። ያ ጥበብ እጃችሁ የገባ ዕለት የሚነበብ ዋልያ ገደሉ ላይ ይቆያችሁ።