ካርዱ ኪሴ ውስጥ እያለ

ከቴፒ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚኒባስ የተሳፈረ ሰው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ሼኮን ሳናልፍ የኋላው ጎማ ፈነዳና፣ ሁላችንም ከዝናቡ ሸሽተን መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ሻይ ቤት ገባን። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አጠገቤ ሰው ሲተክዝ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ባለቤቴ «ነገር ፈላጊ» የምትለኝም ለዚህ ነው።

ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ባየ ነበሩ። ቴፒ ዙሪያ የቡና ማሳ ያላቸው፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ስላስተማርኩ በደንብ እንተዋወቃለን። ያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሯል፤ ሰላምታዬንም የመለሱልኝ በግማሽ ልብ ነው።

«ምነው አቶ ባየ፣ ደህና አይደሉም?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም መምህር። ልጄን ልክዳት እየሄድኩ ነው።»

«ምን አሉ?»

«ልዩን። የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ሚዛን ናቸው። እሁድ ሽማግሌ ሊልኩብኝ ቀጠሮ ይዘዋል። እኔ ቀድሜ ሄጄ ‹ልጄ ሌባ ናት፤ ሌባ መርቄ ቤታችሁ አላስገባም› እላቸዋለሁ። ከሌላ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

ኧረ በስመ አብ! ልዩ እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ወድቆ ያገኘችውን እርሳስ ይዛ «የማን ነው?» እያለች ክፍል ለክፍል የምትዞር ነበረች። ዛሬ ሚዛን ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሷን ሌባ ሲሏት ደሜ ፈላ።

«ምን ሰረቀች?» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎብኝ።

«የዓመቱን የቡና ገንዘብ። ባንክ አስቀምጬ ነበር፤ ተጠርጎ ወጥቷል። ካርዱ ደግሞ ይኸው!» ብለው ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጡ። «አንድ ቀን ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። ካርዱን ያወጣችልኝ እሷ ናት። የሚስጥር ቁጥሩን ከእኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ። እንግዲህ ማን ወሰደው ልበል? እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሩኛ!»

ምን ልበላቸው? ካርዱ አለ፣ ገንዘቡ የለም። በእኛ ዘመን ሌባ ሲሰርቅ አጥር ይጥሳል፤ በር ይሰብራል፤ ቢያንስ ውሻ ይጮህበታል። ይህኛው ምንም ሳይነካ ወስዷል። የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ፤ ሻዬን ማማሰል ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ፊት ለፊታችን ሙዝ እየላጠች የምትሰማን አንዲት ወጣት ነበረች። ስሟ ህሊና ነው፤ ቴፒ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ኮምፒውተር ተምራ የወጣች ልጅ። ሙዟን አስቀምጣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳልጠራ ገባሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ ልጄ። ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ አንቺ ምን ቀረሽ።»

«ባንክ ሄደው ሲጠይቁ ገንዘቡ የት ወጣ አሉዎት?»

«ጅማ። ከማሽን፣ በካርድ ነው የወጣው አሉኝ። ልዩ የተማረችው ጅማ ነው፤ ጓደኛ ሞልቷታል። ቁጥሩን ነገረቻቸው፣ አወጡላት፣ ተካፈሉ። አለቀ!»

«ካርዱስ?»

«የቱ ካርድ?»

«ጅማ ማሽኑ ውስጥ የገባው። በካርድ ነው የወጣው ብለዋል። የእርስዎ ካርድ ደግሞ ያን ጊዜ የት ነበር?»

«እዚህ!» ደረታቸውን መቱ።

«ታዲያ የልዩ ጓደኞች ምን አስገብተው አወጡት?»

አቶ ባየ ካርዱን ገለበጡት። እኔንም አዩኝ። እኔም እሳቸውን አየሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ተፋጠን ቀረን።

«ግራ ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «ካርዱ እኔ ጋ ነው። ጅማም ነው። ሰይጣን ነው እንዴ?»

«ሰይጣን ካርድ ምን ያደርግለታል አባቴ። ሰው ነው። ይህችን ከጀርባው ያለች ጥቁር መስመር ይመልከቱ። የእርስዎ ሒሳብ መለያ እዚህች ላይ ተጽፏል፤ በዓይን አይታይም፣ ማሽን ግን ያነበዋል። ሌባም የሚያነብ ትንሽ ማሽን አለው። አንዴ ካሳለፈበት ጽሑፉን ይቀዳና በሌላ ባዶ ካርድ ላይ ይገለብጠዋል። የእርስዎ ኪስዎ ውስጥ ይቀራል፣ መንትያው ጅማ ይሄዳል።»

«ቁልፍ በሳሙና ላይ ተጭነው ቅርጹን እንደሚወስዱት ማለትሽ ነው?» ብዬ ገባሁበት፣ እኔም ነገሩ ብልጭ ስላለልኝ።

«ልክ እንደሱ መምህር። ቁልፉን ለባለቤቱ ይመልሱለታል፤ እሱም አመስግኖ ይሄዳል።»

አቶ ባየ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «የእኔን ማን ነክቶት?» አሉ። «ማንም አልነካውም!»

«ገንዘብ ሲያወጡ ማሽኑ ጋ የረዳዎት ሰውም አልነበረም?»

«እሱማ ነበረ። እሱ ግን ጠረገልኝ እንጂ አልነካውም።»

ህሊናና እኔ ተያየን። «እንዴት አድርጎ ጠረገልዎት?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የለቀማ ሰሞን ነው። ቀይ ቡና ስንለቅም ውለን ነው የሄድነው፤ ጭማቂው እጃችን ላይ እንዳለ። አንድ ንጹሕ የለበሰ ልጅ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ከማሽኑ አጠገብ ቆሟል። ‹አባቶቼ፣ የቡና እጅ ካርዱን ያጣብቀዋል፤ ማሽኑ ይውጥባችኋል፤ በዚህ እንጥረገው› አለን። መዳፉ የሚሸፍናት ጥቁር ሳጥን ይዟል፤ በስንጥቋ ሸርተት አድርጎ ይመልስልናል። ተሰልፈን ነው ያስጠረግነው። እንዲያውም እኔ ‹እጅህ ይባረክ› ብዬ መረቅኩት!»

«ውይ አባቴ!» አለች ህሊና። «እሷ ናት የምታነበዋ ማሽን። ቁጥሩን ሲነኩስ የት ቆሞ ነበር?»

«አጠገቤ። ዓይኔ ስለደከመ ቁጥሩን እየጠራሁ ነው የምነካው።»

«እየጠሩ?»

«አዎ። ምነው?»

እኔ አልቻልኩም። «አቶ ባየ! ጎረቤት ስንት ኪሎ ቡና ሰበሰቡ ቢልዎት ‹እግዜር ይመስገን› ብለው የሚያልፉ ሰው፣ የሚስጥር ቁጥር በአደባባይ ይጠራሉ?» አልኳቸው።

እሳቸውም ቆጣ አሉ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው ከኋላዬ ቆሞ እጄን ልሸፍን? ጎረቤት ሲገባ መሶቡን እንደሚከድን ስስታም? ከኋላዬ ያለው ታፈሰ ነው፣ ሸምሱ ነው፤ አብሮ አደጎቼ ናቸው። እጄን ብሸፍንባቸው ‹ሌቦች ናችሁ› ማለቴ አይደለም?»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ። እኒህ ሰው ሞኝ አይደሉም፤ የወደቁት በጨዋነታቸው ነው። በእኛ አገር ሰው ፊት መደበቅ ነውር ነው፤ ደግ ቃል የተናገረንን እንግዳም መጠርጠር ነውር ነው። ሌባው ደግሞ ከማሽኑ ይልቅ ይህን ነውራችንን አጥንቶ መጥቷል።

ህሊና ግን ሳትቆጣ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው። «አባቴ፣ ገላዎን ሲታጠቡ በር ይዘጋሉ?»

«ምን ጥያቄ ነው ይሄ! እዘጋለሁ እንጂ።»

«ቤት ያሉት ሚስትዎና ልጆችዎ ናቸው። ሌቦች ናችሁ ብለው ነው?»

«ኧረ ወዲያ! ለጨዋነት ነዋ።»

«ቁጥሩም እንደዚያው ነው። መሶብ ለመካፈል የተሠራ ነው፤ ያ ቁጥር ለመካፈል አልተሠራም። እጅዎን ሲሸፍኑ ታፈሰን አልሰደቡትም። ጨዋ ከሆነ እሱም ፈንጠር ብሎ ፊቱን ያዞራል። ካርድዎንም ላጽዳልህ፣ ላድስልህ፣ ላስገባልህ ለሚል አይስጡ፤ መታወቂያ ቢያንጠለጥልም። ሆቴል በካርድ ሲከፍሉም ከዓይንዎ አይራቅ። ቢቆሽሽ በጨርቅ ራስዎ ይጥረጉት።»

አቶ ባየ ካርዱን መልሰው በላስቲክ ጠቀለሉት።

«‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› ይባላል» አሉ። «እኔ ግን ጠርጥሬአለሁ። የጠረጠርኩት ማንን ነው? መንገድ ላይ ያገኘሁትን መረቅኩት፤ የወለድኳትን ልረግማት ተነሳሁ። ይሄ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው መምህር?»

ጎማው ተቀይሮ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ!» ሲል ነው የተነሳነው። ህሊና ግን ከመሳፈራችን በፊት ወደ ባንኩ አስደውላ ካርዱን አስዘጋችው፤ መንትያው እስካለ ድረስ አዲስ የገባ ገንዘብ ሁሉ ተከትሎ ይወጣልና። ለፖሊስ እንዲያመለክቱም፣ ለአብሮ አደጎቻቸውም ዛሬውኑ እንዲነግሩ መከረቻቸው። «የወጣው ይመለሳል?» ቢሏት፣ «እሱን አላውቅም አባቴ፤ ቶሎ ያመለከተ ግን ይሻለዋል» አለች። ሳታውቅ «ይመለሳል» ብላ ባለማጽናናቷ ወደድኳት።

ሚዛን ስንደርስ አቶ ባየ ወደ አማቾቹ ቤት የሚወስደውን ባጃጅ አልፈው መድኃኒት ቤቱ ጋ ቆሙ። «አብረውኝ ይግቡ መምህር፤ ብቻዬን አልችለውም» አሉኝ። ነገር ፈላጊ ነኝ ብያለሁ፤ ገባሁ።

ልዩ ነጭ ጋውን ለብሳ መደርደሪያ ታስተካክላለች። አባቷን ስታይ ደነገጠች፤ ለሳምንታት ስልኳን አላነሱላትም ነበር። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሁሉንም ነገሯት፤ ስለ ጥቁሯ ሳጥን፣ ስለ ምርቃቱ፣ ስለ ጅማው ካርድ፣ ሊሄዱበት ስለነበረው ቤትም። ያጠፉትን አላስተባበሉም። ንግግራቸው እየተደናቀፈ፣ ህሊና ያስረዳቻቸውን ግማሹን እያምታቱ ጨረሱ።

«ከእንግዲህ እጄን እሸፍናለሁ» አሉ። «ካርዴን ለማንም አልሰጥም። ቁጥሩንም ቀይሬ ለማንም አልነግርም፤ ላንቺም ቢሆን። እንዲህ ሲሆን የጠፋ ነገር ቢኖር አንቺን የሚያማ አይኖርም፤ ለገንዘቡም ለቤታችን ሰላምም ይበጃል አለችኝ ያስረዳችኝ ልጅ፣ መኪና ውስጥ። እውነቷን ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።»

እኔ እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ትምህርቱን ከነጥቅሙ ዘርዝረው ተናግረዋል፤ ከዚህ የተሻለ ተማሪ አስተምሬ አላውቅም። ልዩ አባቷን አቀፈቻቸው፤ አለቀሰችም። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች ቀና አለች።

«ገንዘቡን ማን እንደወሰደውና እንዴት እንደወሰደው ገባኝ አባዬ» አለች። «እኔን እንዴት ጠረጠርከኝ? እሱን ብቻ ነው ያልገባኝ።»

አቶ ባየ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት።

«እኔም አልገባኝም ልጄ» አሉ፤ ወንበር አቀረብኩላቸው።