የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ሥራ አቁማችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሩንም አመሰግናለሁ፤ ግን አንዴ ከተቀመጥኩ ለማስነሳት ሌላ ስብሰባ መጥራት አለባችሁ፣ ቆሜ ልናገር።

አስራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጠብኩ። ለጡረታ ስድስት ዓመት ይቀረኛል። ምን ላድርግ? ወገቤና ጣቶቼ ቀደሙኝ፤ ዛሬ ልሰናበታችሁ ነው።

ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ ከብርድና ከእርጥበት ይራቁ፤ ጎንበስ ቀናም አያብዙ» አለኝ።

«ልጄ፣ የዘረዘርክልኝ እኮ ሥራዬን ነው» አልኩት።

ያላደረግኩት ምን አለ? ሁለት ካልሲ ደረብኩ። ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፌ ቆምኩ። የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ወገቤ ላይ ያሰርኩ ቀን ትዝ ይላችኋል? ክዳኑ ተከፍቶ አለቃችን ፊት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ስረጥብ፣ ልብስ ተኳሿ «ኧረ እታለም፣ በዚህ ዕድሜሽ!» አለችኝ። ከሁላችሁ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እግሬ ለትንሽም ቢሆን ሞቆት ነበራ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ማድረቂያው ይበላሻል። ያኔ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን ጠምዝዘን እንጨምቃለን። የኔ ጓደኛ ያቺ ጥግ የቆመችው ናት፤ ከዝምታዋ ብዛት «ሬዲዮ» ያልናት። ሁለት ክረምት ሙሉ «ያንቺን ጫፍ በዚች የግድግዳ ብረት ላይ አዙሪው፣ ጥሩ ይጨመቃል» ትለኝ ነበር። ብልሃት መስሎኝ አዞርኩ።

ባለፈው ወር ሬዲዮ ቀረች። ልብስ ተኳሿ በሷ ፈንታ ያዘች፣ ያለ ብረቱ። ገና አንዴ ስትጠመዝዝ አንሶላው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ደገምን፤ ያው።

«ምነው፣ ያዢው እንጂ!» አለችኝ።

ይዤው ነበር እኮ!

ለካ ሁለት ክረምት የያዘው ብረቱ፣ የጠመዘዘችው ሬዲዮ፤ እኔ ወሬ ብቻ!

በነጋታው ስትመጣ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ከነገርኩሽ ትሄጃለሽ። ከሄድሽ ማን ያወራልኛል?»

እጇን አየሁት። አንጓዋ በጨርቅ ታስሯል። የቀረችው ሐኪም ቤት ሄዳ ኖሯል።

ተስፋ ልስጣችሁ ብል እዋሻለሁ። ማድረቂያው «ይጠገናል» ሲባል ስድስት ክረምት አለፈ። የኔም ጣት ከእንግዲህ አይጨብጥም፤ ቤቴም ያው ብርድ ነው። የሬዲዮን አንጓ ያሳመምኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይሄ ከወገቤ ይብሳል። አደራችሁን፣ ብረቱ ጋ ብቻዋን አታቁሟት። እናንተም ሲያማችሁ እንደኔ በሳቅ አትሸፍኑት።

በሉ፣ ስትሰናበቱኝ እጄን አትጨብጡት፤ ዝም ብላችሁ ያዙት። ጎንበስ ብላችሁ የምትሠሩትን ቀና ብላችሁ ብሉት። ጉልበታችሁ ከልጆቻችሁ በፊት አይክዳችሁ። ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝላችሁ ሰው አትጡ።

ሬዲዮ፣ ነይ እስቲ። እኔ ጨረስኩ፤ ዛሬ አንቺ አውሪልኝ።